ያሳደገችው ትንገረው

ቦሌ ሚካኤል፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለኦብሴ፣ ባለሽበት ሻርጃ፣

ጤናሽ እንደምን ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የደጁ ባለቤት ቅዱስ ሚካኤል አንቺንም ከክፉ ይጋርድሽ።

ጽሕፈቱ ተንጋደደ ብለሽ እንዳትስቂ፤ የራሴ እጅ ነው። በስልሳ አምስት ዓመቴ ወረዳው ባዘጋጀው የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ፣ ይኸው ሁለት ዓመት ተማርኩ። እስከ ዛሬ የደረሱሽን ደብዳቤዎች የጻፈልኝ ጎረቤቴ ገብረሰንበት ነበር። እሱ ደግሞ ሰው እንዳይቀየም ብሎ ቁጣዬን እየዘለለ ነው የሚጽፈው። «ውድ እህቴ ሆይ፣ ናፍቆትሽ በዛብኝ» የሚለው ሁሉ የእሱ ነው። ከእንግዲህ የሚደርስሽ የእኔ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ልጄ ፊራኦል እንደነገረኝ፣ እሱ ረዳት አብራሪ ሆኖ የሚሠራበት አየር መንገድ ሌላ ቦታ ሲያበሩ የቆዩ አብራሪዎችን ሊቀጥር ማስታወቂያ አውጥቷል። የሚዘጋው ጥር 15 ነው። ነህምያ እዚያ የአንድ ሀብታም የግል አውሮፕላን ስለሚያበር የሚጠየቀውን ሁሉ ያሟላል አለኝ። ስልኩን አውጥቶ «እማ፣ አሁኑኑ በቴሌግራም ልላክለት፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም» ሲል እጁን ያዝኩት።

ለምን እንደያዝኩት አንቺ ታውቂያለሽ። ፊራኦል ነህምያ ወንድሙ መሆኑን ያውቃል፤ ነህምያም ያውቃል። ስለ ቃሉ ግን ፊራኦል አልሰማም ነበርና ነገርኩት። ሦስት ልጆች ነበሩኝ፤ አንቺ አንድም አልነበረሽም። የወለድኩትን በሁለት ዓመት ከአራት ወሩ በጉዲፈቻ የሰጠሁሽ ቀን፣ በአባቴ ደጅ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቃል አስገብተውኛል። ከዚያ ወዲህ ልጄ ብዬ አልጠራውም። ለኑሮው የሚሆን ምክር ካለኝም ለእሱ አልናገርም፤ ላንቺ እነግርሻለሁ፣ ያሳደገችው ትንገረው ተብሏል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ቶሌሳ ብዬ ያወጣሁለትን ስም ነህምያ ብለሽ ስትለውጪም ዝም ብያለሁ።

ስለዚህ ላንቺ ጻፍኩ። ንገሪው።

ፊራኦል ሐሙስ በረራ አለው፤ ዱባይ ያድራል። ደብዳቤውን ሆቴሉ ድረስ መጥተሽ ተቀበይው። መልሱንም በእሱ እጅ ላኪልኝ።

ገላኔ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ ገላኔ፣

እኔም ልጄም በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነን። እርስዎንም ጉልበትዎን ይማርልኝ፤ ዕድሜን ከጤና ጋር ያድልዎት።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፊራኦል ሁለት ጊዜ መጥቶ ባዶ እጁን ሰደድኩት፤ በሁለቱም ጊዜ ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ጽሕፈትዎ ግልጽ ነው። ሳነበው ድምፅዎን የሰማሁ መሰለኝ።

ስለ ነህምያ ከጠየቁኝ፣ ባለፈው ወር አሠሪውን ለጥርስ ሕክምና ለንደን አድርሶ፣ ሰውዬው እስኪሻለው ድረስ ስምንት ቀን ወንዝ ዳር ያለ ሆቴል ተቀምጦ ነበር። ምግቡም ማረፊያውም በሰውዬው ወጪ ነው። ከዚያ ቤተሰቡን ይዘው ደሴት ለደሴት ዞሩ። አውሮፕላኑ ያለው አሥራ ሁለት ወንበር ብቻ ነው፤ ግን ከአልማዝ ይወደዳል ይላሉ። ነህምያ ካፒቴን ከሆነ አራት ዓመቱ ነው። ሰውዬው በስሙ ነው የሚጠራው። አምና እኔ ሆስፒታል በተኛሁ ጊዜ አበባ ይዞ ራሱ መጥቶ ጠይቆኛል። ትልቅ አየር መንገድ ውስጥ የሚሠራ ሰው አለቃውን በመልክ እንኳ አያውቀውም ሲባል እሰማለሁ።

የነህምያን ፎቶና ትንሽ ሽቶ በፊራኦል ልኬልዎታለሁ። አሁን እዚያ ብርድ ነውና ደህና አድርገው ይልበሱ። ሌላውን ወሬ በሌላ ጊዜ።

ታናሽዎ ኦብሴ


ቦሌ ሚካኤል፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኦብሴ፣

ደህና መሆንሽን ደብዳቤሽ ነግሮኛል፤ ፈጣሪ ይመስገን። የጠየቅኩሽን ግን አልነገረኝም።

ፎቶው ደርሷል። ነጭ የቆዳ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። የእጁን ሰዓት ለፎቶው ብሎ ያዞረው ይመስላል። ጥሩነሽ የእድር ገንዘብ ልትቀበል መጥታ ጠረጴዛው ላይ አየችው።

«ይሄ ቆንጆ ደግሞ የማን ነው?»

«የኦብሴ ልጅ ነው።»

«ውይ፣ አገጩ ግን ቁርጥ አንቺን!»

«ዘመድ አይደለን እንዴ፣ ምን ይገርማል?»

«ታድላ ኦብሴ! ታድላ!» አለችና ፎቶውን መስኮቱ ጋ ወስዳ ደግማ አየችው። እኔም እያየሁ ቆምኩ።

አሁን ስለ ሥራው ልንገርሽ፤ ፊራኦልን ቁጭ አድርጌ አንድ በአንድ ጠይቄዋለሁ። ፊራኦል ስኬጁል የሚለው የወር ፕሮግራም አስቀድሞ ይወጣለታል። ጥር 10 የት እንደሚያድር ዛሬ አውቃለሁ። የልጅሽን ግን አንቺም አታውቂው፤ የምታውቂው ስልኩ ሲጮህ ነው። ፊራኦል የሰው ሻንጣ አይነካም። ልጅሽ የሰውዬውን ሻንጣ ራሱ ይጭናል፣ ምሳውን ደውሎ ያዛል፣ ሰዎቹ ሲወርዱ ምንጣፉን ያጸዳል። ይህን ለፊራኦል የነገረው ራሱ ነህምያ ነው፤ እየሳቀ ነው አሉ የነገረው። ትከሻው ላይ አራት የወርቅ መስመር ያደረገ ካፒቴን በመጥረጊያ ፍርፋሪ ሲለቅም ይታይሽ!

ፈተናው እኩል ነው፤ ሁለቱም በየስድስት ወሩ ሲሙሌተር የሚሉት የበረራ መለማመጃ ገብተው ይፈተናሉ። ሰውዬው ነገ አውሮፕላኑን ቢሸጠውስ? ወንበሮቹ ለገዢው ይሄዳሉ፤ ልጅሽ ወዴት ይሄዳል? አየር መንገድ ውስጥ ወረፋ አለ። የወረፋው ቦታ የሚያዘው በተቀጠሩበት ቀን ነው፤ ማንም ሀብታም መጥቶ አይነጥቅም። እናትም አየር መንገዱ ለልጇ በሚሰጠው የቤተሰብ ትኬት ኢየሩሳሌምን ትሳለማለች።

እውነቱን ልንገርሽ? የልጅሽ ሥራ ሾፌርነት ነው። ያውም የአንድ ሰው ሾፌር።

ጥር 15 ይዘጋል። ነገርሽው ወይስ አልነገርሽውም? ሽቶውን አልከፈትኩትም።

ገላኔ


ሻርጃ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ገላኔ፣

ለጤናዎ እጸልያለሁ። ዛሬ ሌላ ሰላምታ አልመጣልኝም።

ሾፌር አሉት። የፊራኦል አውሮፕላን ታዲያ ክንፍ ያለው የከተማ አውቶብስ አይደለም እንዴ? ሦስት መቶ ሰው ይጭናል፣ ሦስት መቶ ሰው ያራግፋል፤ አንዱም ስሙን አያውቅ፣ እሱም የአንዱን አያውቅ። ስድስት ዓመት ሙሉ በረዳትነት ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከፊቱ ያሉት እስኪያልፉ ይጠብቃል። ዘንድሮ ገናን የት ነው የዋለ? እኔ ጋ ነው፤ ሆቴል ብቻውን ከሚሆን ብዬ ጠርቼ ዶሮ አበላሁት። ቀድመው የተቀጠሩት በዓሉን ወስደው የተረፈው ቀን ነው የሚደርሰኝ ብሎ የነገረኝ ራሱ ነው። እርስዎ የሚያወድሱት ወረፋ ይኸው ነው።

ነህምያ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ካፒቴን ሆነ። አሁን እናንተ ጋ ቢመጣ ከረዳትነት ይጀምራል። በወረፋውም ከታናሹ ከፊራኦል ኋላ ይሰለፋል። ደመወዙ በግማሽ ይቀንሳል። ይህን አስበውታል?

ስለ ምንጣፉም ልንገርዎት። መጥረግ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የሰው ቤት ምንጣፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠርጌ ነው ደቡብ አፍሪካ ልኬ በረራ ያስተማርኩት። እኔና ልጄን ምንጣፍ አያሳፍረንም።

አልነገርኩትም። ይኸው እውነቱ። የመጀመሪያው ደብዳቤዎ ከመጣ ጀምሮ ልብሴ ሥር ነው ያለው። እርስዎ ስለ ወረፋና ስለ ትኬት ይጽፉልኛል፤ እኔ ሳነበው ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ሥራ እንዲቀይር አይደለም የሚፈልጉት። ቦሌ ሚካኤል እንዲመጣ ነው። እርስዎ ሌሎች ልጆች አሉዎት። እኔ ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ በዚህ አገር ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ኦብሴ


ቦሌ ሚካኤል፣ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኦብሴ፣

ለፊራኦል ስላበላሽው ዶሮ እግዜር ይስጥልኝ።

አዎ፣ እንዲመጣ ነው። ገብረሰንበት ቢሆን ይህን አይጽፍልሽም ነበር። አባቴ ገብስ ያጭድበት የነበረው ሜዳ ዛሬ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ቀኑን ሙሉ በቤቴ ጣሪያ ላይ ያልፋሉ። ከዓለም ዳርቻ የመጣው ሁሉ እዚያ ሲያርፍ፣ ያንቺ ልጅ ብቻ አያርፍበትም።

ቀንቼብሻለሁ። በሰዓቱ አይደለም፣ በወንበሩም አይደለም፣ ለንደንም የራሷ ጉዳይ ነው። ባለፈው ፊራኦል አንቺ ቤት ተቀምጦ ሳለ ነህምያ ከሩቅ አገር ደውሎ «እማዬ፣ በላሽ?» ሲልሽ ሰምቶ መጥቶ አጫወተኝ። ልጁ ክፋት የለውም፤ ደስ ይላታል ብሎ ነው የነገረኝ። እኔ ያን ዕለት ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

ፊራኦል ዛሬም ስልኩን ይዞ ከፊቴ ተቀምጧል። «እማ፣ ስምንት ቀን ቀረ እኮ! ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው?» ይለኛል። አትልክም ብዬዋለሁ። በሽማግሌ ፊት የገባሁትን ቃል በስልክ አላፈርሰውም። ነገር ግን አንድ ነገር ስሚኝ። የእኔ ምክር በአንቺ በኩል ይለፍ ተባለ እንጂ አንቺ ጋ ይቅር አልተባለም። አስቀርተሽው ጥር 15 ካለፈ ቃሉን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ።

ንገሪውና ራሱ ይምረጥ። አልፈልግም ካለ ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አልጽፍልሽም።

ገላኔ


ሻርጃ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ገላኔ፣ ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይራቅ።

ዓይኔ ገና ስላልጠራ መስመሬ ቢጣመም ይቅር ይበሉኝ።

ጥር 13 ቀን የዓይኔን ሞራ ልገፈፍ ቀጠሮ ነበረኝ። ነህምያ አብሬሽ እውላለሁ ብሎ ከወር በፊት ለአሠሪው ነግሯል። ጠዋት ቁርስ ስንበላ ስልኩ ጮኸ። ሰውዬው በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ጄኔቭ መነሣት ፈለገ። ልጁ ሹካውን አስቀምጦ አየኝ።

«ሂድ» አልኩት።

«እማዬ፣ ነግሬው ነበር እኮ።»

«ሂድ አልኩህ፤ ምን ታደርጋለህ?»

ሰውዬውን አላማም። አውሮፕላኑ የእሱ ነው፤ ቀኑም የእሱ ነው። አበባውን ይዞ የመጣ ጊዜም እንዲሁ ደስ ብሎት ነው የመጣው። እኔ በታክሲ ሄጄ፣ ዓይኔን ታሽጌ በታክሲ ተመለስኩ። ደረጃውን ስወጣ ግድግዳውን እየዳሰስኩ እርስዎን አሰብኩ። ቤትዎ ሰው ይገባል ይወጣል። ያን ዕለት እኔም ቀናሁብዎ።

በማግሥቱ ሲደውል ደብዳቤዎቹን ሁሉ ነገርኩት። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እማዬ፣ ማስታወቂያውን የወጣ ቀን አይቼዋለሁ። ቅጹን ሞልቼ ከጨረስኩ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ፊራኦል ደብዳቤ እንዳመጣልሽ አውቃለሁ፤ ምን እንዳለበት አልነገረኝም እንጂ ገምቻለሁ። አንቺ እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።»

«ባልነግርህስ ኖሮ?»

«አልፈለገችም ብዬ እተወው ነበር።»

ያን ዕለት፣ ጥር 14፣ ቅጹን ከጄኔቭ ላከው። እኔ ልብሴ ሥር ስደብቅ እሱ ይጠብቀኛል። ሳላውቅ ልጁን ምን ላደርገው እንደነበር አስቤ እስካሁን እንቅልፍ የለኝም። ይህን ለሌላ ሰው አልተናገርኩም።

ኦብሴ


ቦሌ ሚካኤል፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኦብሴ፣

ዓይንሽን ፈጣሪ ያብራልሽ። በግንቦት ሁለት ጊዜ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። ፊራኦልን ስጠይቀው «ደህና ናት» ብቻ ይለኛል፤ ሌላ ነገር ያውቃል፣ ይደብቀኛል።

ነህምያ ለፈተናው መጥቶ ሦስት ቀን ሰንብቶ ሄዷል። አልፏል። ይህን ከእኔ በፊት ሰምተሽዋል፤ ግን እኔም ልጻፈው ብዬ ነው። አንድ ሰዓት እኔ ቤት ተቀመጠ። የወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው፤ እንግዳ እንደሚቀመጠው። «እትዬ ገላኔ፣ አይቸገሩ» ይለኛል። ያቀረብኩለትን ሁሉ በላ። ሲሄድ ጉልበቴን ስሞ ሄደ፤ አስተዳደግሽ አያሳማም።

ጥሩነሽ አጥር ላይ ሆና አየችውና «የፎቶው ልጅ!» አለች። አሁን ማን እንደታደለ እሷው ትንገርሽ።

የጓሮውን ክፍል ሰማያዊ ቀለም አስቀብቼ አዲስ ፍራሽ አስገብቻለሁ። የራሱ በር አለው፤ ሲገባ ሲወጣ የሚያየው ሰው የለም። ለሥራው እንደዚህ ቤት የሚቀርብ አያገኝም። ይህም ምክር ነውና በአንቺ በኩል ይለፍ። ንገሪው።

ገላኔ


ገርጂ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ገላኔ፣ ፍልሰታን በሰላም ያስፈታን አምላክ ይመስገን።

አድራሻውን አይተው እንዳይደነግጡ። አዲስ አበባ ነኝ።

አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ፤ አፍሬ ነው። ነህምያ ሥራውን እንደያዘ «አንቺን ጥዬ አልሄድም» አለና ዕቃዬን ራሱ ጠቀለለው። ገርጂ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይቶ አስገባኝ። አሥር ቀን ሆነኝ። ሁለት ጊዜ ልብሴን ለብሼ እርስዎ ጋ ልመጣ መገናኛ ድረስ ሄጃለሁ። ታክሲው «ቦሌ ሚካኤል! ቦሌ ሚካኤል!» ሲል ሰምቼ ዞሬ ተመለስኩ። ሰማያዊውን ክፍል ነግሬዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ አለ።

ሥራውን ከጠየቁ፣ እርስዎም ልክ ነበሩ፣ እኔም ልክ ነበርኩ። ትከሻው ላይ አንድ መስመር ተቀንሶ ሦስት ቀርቷል። ደመወዙን አይቶ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። አብሮት የሚበርረው ሰው በየቀኑ ስለሚቀያየር ስም መያዝ አቅቶታል። ፊራኦል ይቀልድበታል፤ «ታላቄ ሆይ፣ ና ከኋላዬ ተሰለፍ!» ይለዋል። «ዝም በል፤ እኔ ለንጉሥ ምሳ ያዘዝኩ ሰው ነኝ!» ይለዋል ይሄኛው። ሁለቱ ሲስቁ ግድግዳው ይነቃነቃል። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ስልኩን አጥፍቶ ተኛ፤ እስከ ረፋድ። በራፉ ላይ ቆሜ ሲተነፍስ ሰማሁት። ስልኩን አጥፍቶ ሲተኛ አይቼው አላውቅም ነበር።

እሁድ ነሐሴ 25 ለቤቱ ምርቃት ጥቂት ሰው ጠርቷል፤ አብረውት የሚያበሩ ልጆችና ጎረቤቶች ናቸው። እርስዎ ካልመጡ ማዕዱ አይባረክም። ፊራኦል በመኪና ያመጣዎታል።

ኦብሴ


ቦሌ ሚካኤል፣ ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኦብሴ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ።

ፊራኦል ሳቀብኝ። «እማ፣ ገርጂ ድረስ ደብዳቤ? ልውሰድሽና በአፍሽ ንገሪያት!» አለኝ። በአፌ መናገር የማልችለውን መጻፍ ከቻልኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው፤ ተወኝ አልኩት።

አልዋሽሽም፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ደስ አላለኝም። ልጁን ከሻርጃ ያስመጣሁት እኔ ነኝ። በጣሪያዬ ላይ ሲያልፍ ቀና ብዬ ማየቱ ለእኔ ደረሰኝ፤ ሲተኛ ትንፋሹን መስማቱ ግን አሁንም ያንቺ ነው። ቢሆንም ዓይንሽ ታሽጎ ግድግዳ ስትዳስሺ ብቻሽን ነበርሽና፣ ጥሎሽ ቢመጣ ኖሮ እኔም እታዘበው ነበር። ሰማያዊውን ክፍል አንዲት የባንክ ሠራተኛ ተከራይታዋለች።

እሁድ እመጣለሁ። አስቀድመን እንድንስማማ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ጓደኞቹ «እኚህ እናት ማን ናቸው?» ማለታቸው አይቀርም። አክስቱ ናት በያቸው። ለዚህ ተዘጋጅቼ ነው የምመጣው፤ ቀሚሴን ለብሼ፣ ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ። ደግነት ይዞሽ፣ ወይም አዝነሽልኝ፣ በሰው ፊት እናቱ ናት እንዳትዪ። የዚያን ጊዜ አለቅሳለሁ። አንቺ ቤት፣ አንቺ እያየሽኝ፣ ማልቀስ አልፈልግም።

ገላኔ